ደጅ ጠኚው ጸሐፊ

በእኛ በላስታ ሰዎች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንጉሥነቱን እንዳወቁለት በመረዳት ስሙን ላሊበላ አለችው ይባላል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ያደግሁ ብሆንም፥ ነገሩ በእውነት የገባኝ ግን በሠላሳ ዓመቴ፥ ያውም ስልኬ በጠፋብኝ ጊዜ ነው። ሰው ያለ ምስክር፥ ያለ ማኅተምና ያለ ወረቀት መታወቁ ምን ያህል ታላቅ ጸጋ እንደ ሆነ የሚረዳው፥ «አንተ ራስህ ስለ መሆንህ ማስረጃ አምጣ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

እኔ በላሊበላ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁበት ጊዜ ጀምሮ ዘመኔን ያሳለፍሁት ከአንዲት ጠባብ መስኮት በስተጀርባ ተቀምጬ የባለጉዳይ ማመልከቻ በመቀበል ነው። ባለጉዳዮቼ ከብልብላ፥ ከገነተ ማርያም፥ ከኩልመስክ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካሉት ደጋዎች ሌሊት ተነሥተው፥ ስንቃቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ። እኔም ወረቀታቸውን ገለጥ አድርጌ አይና የጎደለውን እነግራቸዋለሁ። «የቀበሌ ደብዳቤ የለውም»፤ «ማኅተሙ አይነበብም»፤ «ነገ ይመለሱ»። ይህን ስናገር ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ደንቡ እንደዚያ ስለሚል ነው። ነገር ግን «ነገ» የምትባለው ቃል ከመስኮቱ በዚህ በኩል ለተቀመጠ ሰው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ስትሆን፥ በዚያ በኩል ለቆመው ግን የአንድ ቀን መንገድ መሆንዋን ከቶ አስቤ አላውቅም ነበር።

በስድስት ዓመት የማንሰው ሳይሆን የምበልጠው አንድ ወንድም አለኝ። በ2008 ዓ.ም. እንጀራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ በአንድ የዕቃ መጋዘን ተቀጠረ። ከመሄዱ በፊት በስልክ የሚጫወቱትን የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተማረኝ እርሱ ነው። አካውንቱን የከፈተልኝ፥ ስሜን በላቲን ፊደል የጻፈልኝ፥ የልደት ቀኔን የሞላልኝም እርሱ ነው። የቡድናችንንም ስም በከተማችን ጥንታዊ ስም «ሮሐ» አለው። እርሱ ከሄደ በኋላ ዘወትር ዐርብ ማታ፥ የዕረፍት ቀኑ ስለ ሆነ፥ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አብረን እንጫወት ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ «ሥራና ደመወዝ ያለው ሰው ስለ ልጆች ጨዋታ ይህን ያህል ይጨነቃልን?» ትለኝ ይሆናል። እኔም አስቀድሞ ብጠየቅ «አይጨነቅም» እል ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ በስልክ ሲደውል የሚናገራት ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «ደኅና ነኝ» ይላል። እናታችን «በላህን? ተኛህን?» ብላ ስትጠይቀው «ደኅና ነኝ» ይላታል። እኔም ስጠይቀው ያው ነው። በጨዋታው መካከል ግን፥ ዐይናችን ኳሱን እየተከተለ ሳለ፥ በጨዋታው የመልእክት መጻፊያ ላይ ስለ አለቃው፥ ስለ ሙቀቱ፥ ስለ ናፍቆቱ ጥቂት በጥቂት ይጽፍልኝ ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ነገር ሲሠሩ የሚያወጡትን ምስጢር፥ ፊት ለፊት ተያይተው ሲጠያየቁ አያወጡትም። ስለዚህ ያ አካውንት ለእኔ የመጫወቻ ብቻ ሳይሆን ወንድሜን የማገኝበት ቤት ነበር።

ያንን ቤት ከሌባ ለመጠበቅ ሲል ወንድሜ ሁለተኛ ቁልፍ አበጀለት። የጨዋታ አካውንት መሰረቅ በዓለም ላይ የታወቀ ችግር ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008) «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ለሚባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ቁጥር የምታወጣ ትንሽ መሣሪያ መሸጥ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ስልክ ገብቶ፥ አሠራሩም በአውሮፓ 2011 ዓ.ም. ለሁሉም የሚሆን ደንብ ተጻፈለት። የይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሌባ እንኳ ይህን ቁጥር ካላገኘ አይገባም።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ስልኩና የኩባንያው ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ቀን አንድ ረጅም ምስጢር ይካፈላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፥ በእኛም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፈውን ሴኮንድ ይቈጥራሉ፤ ያንንም በ30 ሴኮንድ እየከፋፈሉ ከምስጢሩ ጋር አዋሕደው ስድስት አኃዝ ያወጣሉ። ሁለቱ ምንም ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ይደርሳሉ፤ ስለዚህም ስልኩ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ እንኳ ቁጥሩን ማውጣት አያቅተውም። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ አድባራት ዕቃ ቤቱ የሚቈለፈው ከአንድ በሚበልጥ ቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹም በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ስለሚቀመጡ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም።

ኩባንያው ይህን ሁለተኛ ቁልፍ ሲሰጠን «ምናልባት ስልክህ ቢጠፋ እነዚህን ዐሥር መጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ» ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እኔ ግን ወረቀት የምጽፈው ለደመወዝ ነው፤ ለራሴ ማን ይጽፍልኛል! ቁጥሮቹን በዚያው በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸውና ተውኋቸው። ቁልፉን ከሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ሳጥኑን የቈለፈ ሰው ማለት እኔ ነበርሁ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም. የገና ዕለት፥ እንደ ወትሮው ከሌሊት ጀምሮ በቤተ ማርያም ነበርሁ። ላሊበላን በገና ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያላየም ቢሰማ አይጠላም። ካህናቱ ገሚሶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለው ገደል አፋፍ፥ በማሜ ጋራ ላይ፥ ገሚሶቹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን እየተቀባበሉ ሲዘምሩ፥ ነጠላ የለበሰው ምእመን ጋራውን ሁሉ ደመና የወረደበት ያስመስለዋል። እኔም ከሕዝቡ ጋር ስገፋና ስገፋተር ቆይቼ፥ ፀሐይ ሞቅ ስትል እጄን ወደ ኪሴ ብሰድድ ስልኬ የለም። ወድቆ ይሁን ተሰርቆ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስዋከብ አይተው ነገሩን ጠየቁኝና «አይዞህ ልጄ፤ አፍሮ አይገባ እንኳ ተመልሷል» አሉኝ። ይህ አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፥ ቤልጅግ አገር ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ሲጠፋ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁና የትልልቅ ሰዎችን ልቅሶ አስታውሳለሁ። ሽማግሌው ያንን ከእኔ ስልክ ጋር ማነጻጸራቸው ቢያሳፍረኝም ትንሽ አጽናናኝ።

ስልኩ ራሱ አላስቸገረኝም። የሲም ካርዱን ምትክ የቀበሌ መታወቂያዬን አሳይቼ ከቴሌ አወጣሁ፤ አዲስ ስልክም የዕቁብ ተራዬ ሲደርስ ገዛሁ። ከዚያም ጨዋታውን ከፍቼ የይለፍ ቃሌን ጻፍሁ፤ ተቀበለኝ። ቀጥሎ «ስድስቱን አኃዝ አስገባ» አለኝ። አኃዙን የምታወጣው አፕ የጠፋው ስልክ ላይ ናት። መጠባበቂያው ቁጥር ያለውም እዚያው ነው። «በአጭር መልእክት ላክልኝ» ብዬ ብነካው፥ የተመዘገበው ቁጥር ወንድሜ ሲሰደድ ትቶት የሄደው የድሮ ቁጥሩ ሆኖ ተገኘ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፥ ያን ጊዜ ብቻ ነበር የአካውንቱ ዋጋ የታየኝ።

እንግዲህ ደጅ መጥናት ጀመርሁ። አባቶቻችን ከመኳንንት ደጅ ሲጠኑ ቢያንስ ደጁን ያዩት ነበር፤ በረኛውንም «ጌታው ተነሡን?» ብለው ይጠይቁት ነበር። የእኔ ደጅ ግን ከባሕር ማዶ ያለ፥ በረኛው ሰው ይሁን ማሽን የማይታወቅ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርኋት እንግሊዝኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ፍጥነቱም ማሽን የጻፈው መሆኑን አስታወቀኝ። አካውንቱ የተከፈተበትን ቀን፥ መጀመሪያ የተጻፈበትን ኢሜይል፥ ከጨዋታው መደብር ዕቃ የገዛሁበትን ደረሰኝ፥ የልደት ቀኔንና የመንግሥት መታወቂያ ጠየቀኝ።

ፓስፖርት ነበረኝ፤ አንድ ጊዜ ወንድሜን ልከተል አስቤ ያወጣሁት ነው። ፎቶውን አንሥቼ ላክሁ። ከአራት ቀን በኋላ «ያቀረብኸው ሰነድ ከአካውንቱ ጋር አይስማማምና ልንረዳህ አንችልም» የሚል መጣ። ብመረምረው ለካ ወንድሜ ቅጹን የሞላው እንደ አገራችን ልማድ ኖሮአል! እኔ የተወለድሁት ጥር 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ በቃና ዘገሊላ ዕለት እንደ ሆነ ስለምታስታውስ ቀኑ አይሳትም። ወንድሜም ጥር አምስተኛው ወር ነው ብሎ 12፥ 5፥ 1981 ብሎ ጻፈ። ፈረንጁ ያን ሲያነብ ሜይ 12 ቀን 1981 ሆነ። ፓስፖርቱ ደግሞ ቀኑን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር መልሶ ጃንዋሪ 20 ቀን 1989 ይላል። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ እኔ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚበላለጡ ሁለት ሰዎች ነበርሁ።

የዘመን አቈጣጠራችን ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፥ ዓመታችንም በመስከረም እንደሚብት አስረድቼ ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። ያነበበው ሌላ ሰው ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያላየ ይመስል ያንኑ ቃል ደግሞ መለሰልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ መሆኔን እኔ እያወቅሁ፥ እናቴ እያወቀች፥ ጎረቤት እያወቀ፥ አንድ ቅጽ ግን «አይደለህም» ይለኛል።

በማግሥቱ ጧት መስኮቴን ስከፍት፥ ከብልብላ በኩል የሚመጡ አንዲት አሮጊት ከሰዎቹ ሁሉ ፊት ቆመዋል። የመሬት ደብተራቸው ቤታቸው ሲቃጠል ጠፍቶባቸው ምትክ ለማውጣት ሲመላለሱ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን «የቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ» ብዬ መልሻቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ፎቶግራፍ ጎድሎ መልሻቸዋለሁ። ዛሬ ደብዳቤውንም ፎቶግራፉንም ይዘዋል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ላይ ቀን አልተጻፈበትም። እጄ ወረቀቱን ወደ እርሳቸው ሊገፋው ተዘርግቶ ሳለ፥

«ልጄ፥» አሉኝ፤ «መሬቱን እኮ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔንም ያውቀኛል። አንተስ ይኸው ሦስተኛ ጊዜ ስታየኝ፥ አላወቅኸኝምን?»

የምመልሰው አጣሁ። ሌሊቱን በሙሉ ከባሕር ማዶ ላለው ደጅ ጠባቂ ልነግረው የፈለግሁትን ቃል እርሳቸው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነገሩኝ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባላል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ያልተነካሁ ገላጋይ ነበርሁ። ያ የማይታየው ሰው በእኔ ላይ ክፉ ስላልሆነ፥ ደንቡን ብቻ ስለ ጠበቀ፥ እኔም በእርሳቸው ላይ ክፉ አልነበርሁም። ሆኖም ሁለታችንም አንድ ጥፋት አጥፍተናል። የሚጎድለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አልተናገርንም፤ የቀረበልንን ወረቀት አየን እንጂ የቀረበውን ሰው አላየንም።

«እማማ፥ አውቄዎታለሁ፤ ይቀመጡ» አልሁና ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደወልሁ። ጸሐፊው ደብዳቤውን የሰጠበትን ቀን ከመዝገቡ ላይ አንብቦ ነገረኝ፤ እኔም ያንን በኅዳጉ ላይ ጽፌ ፈረምሁበትና ፋይሉን ወደ ኃላፊው አቀረብሁት። የወሰደብኝ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። እርሳቸው ሲመርቁኝ ኀፍረቱ ከምርቃቱ በለጠብኝ።

በዚያው ዕለት ስለ ራሴ ጉዳይም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእርሳቸው ጉዳይ የተፈታው አንዱን መዝገብ ከሌላው መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው። የቀበሌ መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። ጽሑፉ አማርኛ ቢሆንም የልደቱ ቀን በአኃዝ 12/05/1981 ተብሎ ተጽፎአል፤ አካውንቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው ራሱ ነው! ማታ ለወንድሜ ደውዬ ከጨዋታው መደብር ለቡድናችን ዕቃ የገዛበትን ካርድ እንዲፈልግ ነገርሁት። እርሱም «ደኅና ነኝ» ካለኝ በኋላ ሻንጣውን ሲበረብር ከሱቅ የገዛውን፥ ቁጥሩ የተፋቀውን ካርድ ከነደረሰኙ አገኘውና ፎቶውን ላከልኝ።

ሦስተኛውን ማመልከቻ እንደ መዝገብ ቤት ሰው ጻፍሁት። ፓስፖርቱን፥ የቀበሌ መታወቂያውንና ደረሰኙን ተራ ቁጥር ሰጥቼ አያያዝሁ። «ፊደሉን ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ በሁለቱም መታወቂያ ላይ ያለውን ፎቶግራፍና ቁጥሩን ብቻ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ቁጥር በእናንተ፥ ሁለተኛው በእኛ አቈጣጠር ነው፤ ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው» አልሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የሰው ስም ነበረበት። ቁጥሮቹን አስተያይቶ እንዳመነ፥ ሁለተኛውን ቁልፍም እንደሚያነሣልኝ ገለጸልኝ። የካቲት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐርብ ዕለት፥ በጠፋ በ32ኛው ቀን፥ ደጁ ተከፈተ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ብዬ አዲስ የቁጥር ማውጫ አፕ በአዲሱ ስልኬ ላይ ጫንሁ። ስድስት አኃዝ አወጣችልኝ፤ ባስገባው «ስሕተት ነው» አለኝ። ደገምሁ፤ ሠለስሁ፤ እንቢ አለ። ወንድሜ በስልክ «ጋሼ፥ ሰዓትህ ስንት ይላል?» አለኝ። «ሁለት ሰዓት ከሩብ» አልሁት። በሳቅ ፈነዳ። አዲሱን ስልክ ስገዛ ፀሐይ ስትወጣ ዐሥራ ሁለት፥ ቀጥሎም አንድ ሰዓት እንዲል አድርጌ በእጄ ሞልቼው ነበር። እኔ የሀበሻ ሰዓት መሙላቴ ነው፤ ስልኩ ግን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ መሰለው። በ30 ሴኮንድ ሲከፋፈል 720 እርምጃ ማለት ነው። ኩባንያው የዛሬውን ቁጥር ሲጠብቅ እኔ ከቀትር በኋላ ያለፈውን ቁጥር አቀርብለት ነበር። ሰዓቱን ከኔትወርክ ራሱ እንዲወስድ ባደረግሁት ጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር ተቀባይነት አገኘ። የእኛ ሰዓት ስሕተት የለበትም፤ ከማን ጋር እንደምንቈጥር አለማወቅ ግን ስሕተት ነው።

ያን ማታ «ሮሐ» ሁለት ለባዶ ተሸነፈች። በሁለተኛው ግብ ላይ ወንድሜ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «ጋሼ፥ ከመጋዘኑ ካስወጡኝ ሃያ ቀን ሆነኝ። ለእማዬ አትንገርብኝ።» በእነዚያ ቀኖች ሁሉ በስልክ «ደኅና ነኝ» ሲለኝ ነበር። እኔም ጨዋታውን ሳላቋርጥ የት እንደሚያድር፥ ምን እንደሚበላ ጠየቅሁት፤ ሁሉንም ነገረኝ። በማግሥቱ ያለችኝን ገንዘብ ወደ ሚልክለት ሰው አደረስሁ፤ ከሁለት ወር በኋላም ሌላ ሥራ አገኘ። ደጁ ሳይከፈት ቢቀር ኖሮ ያን ነገር መቼ እሰማው እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁትን ለወጣት አንባብያን ባጭሩ ልናገር። መጠባበቂያ ቁጥራችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ወረቀቱንም ከስልኩ ለይታችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ስማችሁን በላቲን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጻፉ፤ የልደት ቀናችሁንም በሁለቱም አቈጣጠር ዕወቁ። በአውሮፓ ከ2023 ወዲህ ጉግል የሚሰጠው አፕ ምስጢሩን ከስልክ ውጭ የሚያስቀምጥበት መንገድ አበጅቶአል፤ እርሱም ይረዳል። ወረቀት ግን አትናቁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ መብራትና ስልክ በጠፋ ጊዜ፥ በፀሐይ ኃይል በሞላሁት ስልክ ላይ ስድስቱ አኃዝ በየ30 ሴኮንዱ ይለዋወጡ ነበር፤ የሚከፍቱት ደጅ ግን አልነበረም። ከሳጥኔ ውስጥ ያለችው ወረቀት ናት ያ ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ የጠበቀችልኝ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ማስረጃ መጠየቅ ይገባል፤ ደጅ ያለ ቁልፍ አይጠበቅም። እኔም እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከመስኮቴ አጠገብ ለጥፌአለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ባለጉዳይም በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አነብለታለሁ። እነዚያ አሮጊት አልፎ አልፎ ለገበያ ሲመጡ በመስኮቱ በኩል ቀና ብለው «ደኅና ነህ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም ወረቀት ሳልጠይቅ በስማቸው ጠርቼ ሰላምታቸውን እመልሳለሁ።